እመት በሩና ቀይዋ ባልቴት

ሰው በመልኩ ይታወቃል፣ በአባቱ ስም ይታወቃል፣ ሌላው ቢቸግር በጠበኝነቱ ይታወቃል። እሷ የምትታወቀው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በሩ ሊዘጋ ነው፤ ከበሩ ራቅ ይበሉ።» ይህችን እያለች ከምድር በታች፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ጠጉሯ ሸበተ። የከተማው ሰው ከቤቱ ነቅቶ የወጣ ይመስለዋል እንጂ እንቅልፉን የሚጨርሰው ባቡር ውስጥ እንደ ቆመ ነው፤ ከዚያ እንቅልፍ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። በዓይን የሚያውቃት የለም። ስም ማውጣት ላይ ግን ተሳፋሪን ማን ይቀድመዋል፤ «እመት በሩ» ብሏታል።

ድምፅዋ እንደ ልብስ ሥራ ቦታ ተሰቅሎ የሚቀር አይደለም። ገበያ ሄዳ «ይሄኛው ሽንኩርት በስብሷል» ካለች ሦስት ሰው ዘወር ብሎ ያያታል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ ነፋስ ገባና አንዱን ሰውዬ «እባክዎ በሩን ይዝጉልን» ብትለው፣ ወረፋ ላይ የነበረው ሰው በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ ሽማግሌማ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉ። ለምን እንደ ሸሹ ራሳቸውም አላወቁትም። እሷ ግን እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄዳ ለባሏ ነገረችው፤ ባሏ «እህ» አለ።

ባሏ እንዲህ ነው። የዚያው መሥመር ባቡር ነጂ ሲሆን፣ ከአፉ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ስለሆነ ጓደኞቹ «ጋሽ ቁልፉ» ይሉታል። በርና ቁልፍ ተጋቡ እየተባለ ያልተቀለደባቸው ቀልድ የለም፤ አሁን ቀልዱ ራሱ አርጅቶ ጡረታ ወጥቷል። እቤት ውስጥ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ ያለው ቧንቧ ይንጠባጠባል። «ጎማዋ አልቃለች፣ ቀይራት» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። ከቧንቧው ሥር የተቀመጠው ጣሳ እስኪዝግ ድረስ እሺ ብሏል። ጠዋት ሲወጡ ግን አንድ ነገር ሳይጠይቃት ቀርቶ አያውቅም።

«ጉሮሮሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» ትለዋለች። በእሱ ቤት ይህ የፍቅር ንግግር ነው ብላ ታልፈዋለች።

ደግሞ እሱ ብቻ መሰላችሁ? የመሥመሩ ነጂ ሁሉ ስለ ጉሮሮዋ ይጨነቃል። አንዱ ማር ያመጣል፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ዝንጅብል በወረቀት ጠቅልሎ። አንድ ጊዜ ጉንፋን አስተኝቷት በእሷ ቦታ አንዲት ልጅ ተተካች፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሹክሹክታ የሚመስል። የዚያን ቀን ባቡሩ ሁሉ ዘገየ። ማታ ነጂዎቹ ከነዩኒፎርማቸው ሊጠይቋት መጡና አልጋዋን ከበው ሐዘን የተቀመጡ ይመስል አንገታቸውን ደፉ። እሷም «ለካ ይሄን ያህል ይወዱኛል» ብላ ትራሷ ላይ አለቀሰች። ይህን እንባዋን ወደ ፊት እናስታውሰዋለን።

የድምፅ ክፍሏ ከመሳፈሪያው ከፍ ብላ የተሠራች፣ በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል ናት። ከመስታወቱ የሚታየው የመሳፈሪያው ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አንድ ወፍራም ምሰሶ ጋርዶታል። ከምሰሶው ወዲያ ያሉትን የኋላ በሮች እንድታይበት ስክሪን ተሰጥቷት ነበር። ስክሪኑ ጠፋ። ለዳይሬክተሩ ነገረች። «ታዟል፤ ዕቃው መንገድ ላይ ነው» አላት። ደግማ ነገረችው፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው። ይህ ዕቃ ከየትኛው አገር ተነስቶ በእግሩ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ እሷም ስክሪኑን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገችው። በሩ ሲዘጋ ሳይሆን በሩ የሚዘጋበት ጊዜ ሲደርስ መናገር ለመደች። ከመስኮቷ ትይዩ ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ደህንነት ከሁሉም ይቀድማል» ይላል። ከማስታወቂያው ጀርባ ግድግዳው ያፈሳል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ «በሩ ሊዘጋ ነው፤ ከበሩ ራቅ ይበሉ» አለች። ከምሰሶው ጀርባ፣ በመጨረሻው በር አንድ ሰውዬ የተጠቀለለ ስፖንጅ ፍራሽ ታቅፎ ሊገባ ይታገል ነበር። በሩ ፍራሹን ነከሰ። ስፖንጅ ደግሞ የሚሰበር ነገር አይደለም፣ የሚለቅም አይደለም፤ በሩ አልዘጋም አለ፣ አልከፍትም አለ፣ ባቡሩም በር ሳይዘጋ አይነሳምና ባለበት ቆመ። ከዚያ ከዋሻው ውስጥ ፍሬን ሲያፏጭ ተሰማ። ቀጥሎ ምድር የደነገጠ የሚመስል አንድ ድምፅ መጣና የሻይ ብርጭቆዋ ከስክሪኑ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሁለተኛ ባቡር ከመጠምዘዣው ወጥቶ የቆመውን ከኋላው ገጭቶታል።

ቀስ ብሎ ነበር የመጣው፤ የሞተ ሰው የለም። ባለፍራሹ በፍራሹ ላይ ወድቆ ጭረት አልነካውም፤ እንዲያውም ፍራሹ ተቀደደብኝ ብሎ የከሰሰው እሱ ነው። የብዙ ሰው ግንባር አበጠ፣ የአንዲት መምህርት ክንድ ተሰበረ። የኋለኛው ባቡር ነጂ ወርዶ በመሳፈሪያው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። እሷ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ስትደርስ ጋሽ ቁልፉ ሆኖ አገኘችው።

መርማሪ ቡድን ተቋቋመ። ዋና መርማሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠይቃ የማትቸኩል ጠና ያለች ሴት ናት። የመሥመሩ ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ጋሽ ቁልፉን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«ከመጠምዘዣው በፊት መብራቱ ቀይ ነበር?»

«ነበር።»

«አይተውታል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አለፉት?»

የአዳራሹም ግድግዳ ሲያፈስ ይሰማል። በመጨረሻ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ዳይሬክተሩ የሰርግ ጥሪ እንደ ደረሰው ሰው ፊቱ በራ። «ሰውየው ራሱ አምኗል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?» አለ። የሚፈለገው ምን እንደሆነ ለእመት በሩ ወዲያው ገባት፤ አንድ ሰው ነው የሚፈለገው። ከሥራ ይባረራል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ምናልባትም ይታሰራል፤ ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ይኖራል።

እቤት ሲገቡ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረችው።

«ቀይ መብራት አይተህ ሄድክ? አንተ? መንገድ ለመሻገር እንኳ መኪና የሌለበት ላይ የምትቆም ሰው?»

«ተይው።»

«ምኑን ነው የምተወው? እስር ቤት ስንቅ ልመላለስ ነው?»

«ዝም አይነቅዝም» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ዝም ባይነቅዝ አንተ ልትነቅዝ ነው» አለችው። እሱ ሌላኛውን ጫማ ማውለቅ ቀጠለ።

በማግስቱ ረጅሙ መጣ። ረጅሙ የባሏ የልብ ጓደኛ፣ እሱም ባቡር ነጂ፣ በየበሩ ጎንበስ ማለት ወገቡን ያጎበጠው ሰው ነው። በእጁ እንደ ልማዱ ማር ይዟል። ጋሽ ቁልፉ ገላውን ሊታጠብ ገብቶ ነበርና ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ረጅሙ ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየና እንዲህ አላት።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ምነው ቸኮልሽ?»

«ምኑን ነው የቸኮልኩት?»

ረጅሙ ማንኪያውን አቆመ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊመልሰው ፈለገ፣ የለም። «ምንም፣ እንዲያው ነው» ብሎ ሊነሳ ሲል እሷ ወንበሯን ስባ በሩ ላይ ተቀመጠችበት።

«በሩ ተዘግቷል» አለችው። «ተናገር።»

ተናገረ። «ከመጠምዘዣው በፊት ያለችውን ቀይ መብራት ታውቂያታለሽ?»

«ባልቴቷ የምትሏት?»

«እሷ። ውሃ ገብቷት ከቀላች ቆየች። ፊት ለፊት ባቡር ቢኖር ቀይ ናት፣ ባይኖርም ቀይ ናት። ደንቡ ‹ቆመህ በሬዲዮ ጠይቅ› ይላል፤ ሬዲዮው እዚያ ጋ ይታፈናል። ‹ወርደህ በግድግዳው ስልክ ደውል› ይላል፤ የስልኩን ሽቦ አይጥ ከበላው ሰነበተ። ለዳይሬክተሩ ነገርን፤ ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ እትዬ? ባቡር ሙሉ ሰው ይዘን እዚያ እንደር? ቆመን መስኮት እንከፍታለን። ያንቺ ድምፅ በዋሻው ጥርት ብሎ ይመጣል። ‹በሩ ሊዘጋ ነው› ስትዪ የፊተኛው ሊነሳ ነው ማለት ነው። ፍሬን ለቀን ቀስ ብለን እንገባለን፤ እስክንደርስ እሱ ወጥቷል።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። አዲስ ሰው ሲቀጠር ራሱ መጀመሪያ የምናስተምረው ይሄንኑ ነው። ‹ባልቴቷን አትመናት፣ እትዬን ስማ› እንለዋለን።»

መጀመሪያ ሳቀች። መንግሥት መብራት አቁሞ፣ ሬዲዮ ተክሎ፣ ስልክ ዘርግቶ፣ ባቡሩ ግን የሚሄደው በእሷ ጉሮሮ። ከዚያ ማሩ ላይ ዓይኗ አረፈና ሳቋ ቀረ። ማሩ፣ ሎሚው፣ ዝንጅብሉ፣ አልጋዋን ከበው አንገታቸውን የደፉት ሁሉ፤ ለካ የሚጠግኑት ዕቃ ነበረች። ያቺን ትራስ ላይ ያፈሰሰቻትን እንባ መልሱልኝ ልትል ቃጣት። ለጥቆ ደግሞ የመምህርቷ ክንድ ትዝ አላት፣ ምላስ አጥንት የለውም አጥንት ግን ይሰብራል የሚለው ነገር ለተረት ብቻ የተባለ ይመስላት ነበር።

ጋሽ ቁልፉ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ሲወጣ ሁለቱን አይቶ ገባው።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ምን ልበል? ሚስቴ ሂድ አለችኝ ልበል?» አለ። ቁልፉ ሲከፈት እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ይዘረገፋል። «ይሄን ካልኩ የነጂዎቹ ሁሉ ቤት ይፈርሳል። ደግሞ አንቺን ያመጡሻል። ‹ሳታይ ለምን ተናገርሽ› ይሉሻል። ለነሱ አንድ ሰው በቂ ነው፤ እኔ አለሁ።»

እሷ ከበሩ ተነስታ ነበርና ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ሹልክ ብሎ ወጣ። እሷ ባሏን ስታየው ቆየች። የሚያበሽቃት ነገር ብዙ ነበር፤ ከሁሉ የወጣላት ግን ይሄ ነው።

«እቤት ቁጭ ብለህ ስጮህብህ አትሰማኝም፤ እዚያ ሳልጠራህ ትመጣለህ።»

«እህ» አለ።

በነጋታው ብርቱካን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። መምህርቷ ክንዷ በነጭ ታሽጎ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። እመት በሩ ገና «እንደምን አደሩ» ስትል ሴትየዋ ቀና አለች።

«እርስዎ ነዎት» አለቻት፣ ፈገግ ብላ። «ድምፅዎ እኮ አይጠፋም። የዚያን ቀንም ሰምቼዎት ነበር። እንዳሉት ከበሩ ራቅ አልኩ። ራቅ ብዬ የቆምኩበት ብረት ነው ክንዴን የመታኝ።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። እንደ ጨዋታ ነው ያለችው። እመት በሩ ብርቱካኑን መላጥ ጀምራ አቆመችና አለቀሰች፤ ያውም በሰው ፊት የማታለቅስ ሴት። ከዚያ እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ ዋና መርማሪዋ ቢሮ ሄደች።

ዋና መርማሪዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።

«ሚስት ለባሏ ስትመሰክር ማን ያምናል?» አለች። «ነጂዎቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለው ምለዋል። መብራቷንም ሄጄ አየኋት፤ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ስልኩም ይደውላል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ከግጭቱ በኋላ ያ ስንት ዘመን በእግሩ ሲመጣ የነበረ ዕቃ ክንፍ አውጥቶ ደርሷል።

«አዲስ ናት እኮ» አለች እመት በሩ።

«አውቃለሁ። ቀለሙ ጣቴ ላይ ተጣብቋል።» ጣቷን አሳየቻት። «ቀለም ግን አይመሰክርም፤ ዳይሬክተሩ ለጽዳት ቀባነው ይላል። እሑድ ጠዋት መሥመሩ ተዘግቶ ነገሩን እንደ ነበረ እንሞክረዋለን። ሁሉም ሰው የዚያን ቀን በነበረበት ቦታ ሆኖ የዚያን ቀን ሥራውን ይሠራል።» መነጽሯን መልሳ አደረገችና በላዩ አሻግራ አየቻት። «ሁሉም ሰው ነው ያልኩት።»

እሑድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ባቡር ማቆም አደጋ አለው ስላለ መሳፈሪያው ባዶ ነው፤ ባልቴቷ ለሙከራው ሲባል ቀይ ላይ ታስራለች። ጋሽ ቁልፉ ምርመራው እስኪያልቅ ስለማይነዳ ረጅሙ በቦታው ይነዳል፤ ዋና መርማሪዋ፣ ዳይሬክተሩና ጋሽ ቁልፉ አጠገቡ ይቆማሉ። ባቡሩ መብራቷ ጋ ደርሶ ይቆማል፣ ቀይዋ ጥርት ብላ እንደምትታይ ይረጋገጣል፣ ነገሩ ያበቃል። ዳይሬክተሩ ያሰበው እንዲህ ነበር። ወደ ባቡሩ ሲሄድ በድምፅ ክፍሏ በኩል አለፈ።

«እትዬ፣ አንቺ ዛሬ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አላት። «ድምፅ አያስፈልግም።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለትን ከባሏ ተምራዋለች።

ብቻዋን ስትቀር ከክፍሏ ወጥታ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ በፊት ያላደረገችውን አደረገች፤ ምሰሶውን ዞራ ከጀርባው አየች። ሰው የለም፣ ባቡር የለም፣ ሐዲዱ ጭር ብሏል። እስከ መሳፈሪያው ጫፍ ሄዳ እንደገና አየች። ከዚያ ተመልሳ ማይክሮፎኗ ፊት ተቀመጠችና ጆሮዋን ወደ ዋሻው ሰጠች። ባቡሩ እየጎተተ መጣ። ፍሬኑ አፏጨ። ቆመ። ካልሆነስ? ከማርና ከሎሚ በቀር ማስረጃ የላትም። ሐኪም ቤት ወደ ኋላ የሸሹት ሰዎች ትዝ አሏት፣ ቦርሳቸውን ያቀፉት ሽማግሌ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በሩ ሊዘጋ ነው» አለች፣ ለባዶው መሳፈሪያ። «ከበሩ ራቅ ይበሉ።»

ባቡሩ ተነሳ።

ከዋሻው ውስጥ የዳይሬክተሩ ጩኸት ቀድሞት መጣ፤ «ቀይ ነው፣ ቀይ ነው፣ አንተ ሰውዬ ቀይ ነው» እያለ። ስለዚያች መብራት ሲጨነቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ፍሬን አፏጨ፣ የባቡሩ አፍንጫ ከዋሻው ትንሽ ብቅ ብሎ ቆመ። እመት በሩ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ዋና መርማሪዋ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ በድምፅ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

«ማን ነው ተናገሪ ያለዎት?»

«እርስዎ ነዎት» አለች እመት በሩ። «የዚያን ቀን ሥራዬን ሥሪ አላሉኝም? ሥራዬ ይሄ ነው።»

የሴትየዋ የከንፈር ጫፍ ተንቀሳቀሰ። «ያየሁትን ልንገርዎት» አለች። «ድምፅዎ ሲመጣ ረጅሙ ሰውዬ ቀዩን መብራት ፊት ለፊት እያየ ፍሬኑን ለቀቀ። ያን እንኳ ተወት ያድርጉት። ባለቤትዎ አጠገቤ ቆመው፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ ባዶ አየር ላይ ፍሬን ለቀቁ። እጃቸው ብቻዋን ሄደች። ‹ቀዩን አላያችሁትም?› አልኳቸው። ‹አይተነዋል› አሉ። ‹ታዲያ?› ስል፣ ረጅሙ ምን አለኝ መሰልዎት? ‹በሩ ተዘጋ እኮ› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ፣ ለሙከራው ተጠርተው ከዚህ በፊት ባለው ጣቢያ ይጠብቁ የነበሩት ነጂዎች ወሬ ሳይደርሳቸው አንድ በአንድ ተጠሩ። እመት በሩ እየተደገመ ተናገረች፣ ባቡሩ እየተደገመ ተነሳ። አንዱማ እያፏጨ ነው የገባው። አልንቀሳቀስም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጉንፋን ይዞት ጆሮው ተደፍኖ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ላቡን ሲጠርግ መሐረቡ ረጠበ፤ እንደ ነጂዎቹ ሁሉ እሱም አላውቅም ብሎ ማለ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀውን አንድ አለቃ ብቻ አላውቅም ሲል አያምርበትም።

ውጤቱ ሲነበብ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ሚስትን እንደማይጨምር ታወቀ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የመሥመሩ ነው ተባለ፤ መብራቷ፣ ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ስክሪኑ፣ ምሰሶው ሳይቀር ስማቸው ተጠራ። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ እዚያም ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ደህንነት ትልቅ ማስታወቂያ ማሠራቱን ሰምተናል። ጋሽ ቁልፉ አልታሰረም፣ አልተባረረም። ከነጓደኞቹ ግን ተወቅሶ፣ ለጊዜው ከመንዳት ታግዶ እንደ ጀማሪ እንደገና ተማረ። እሷም ሳታይ በመናገሯ ተግሣጽ ደረሳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቃ አትል ዳይሬክተር ልክ ልኩን ትነግረው ነበር፤ ይሄን ግን ተቀበለችው፣ እውነት ስለሆነ። መምህርቷ ፋሻው እስኪፈታላት ድረስ በየሳምንቱ እየሄደች ብርቱካን ላጠችላት።

ድምፅ ማጉያዎቹ ወደ መሳፈሪያው ብቻ እንዲዞሩ ተደረገ። ነጂዎች መስኮት ዘግተው እንዲነዱ ታዘዘ። ማርና ሎሚ ቆመ፤ ረጅሙ ብቻ ከይሉኝታ የተነሳ አንዳንዴ ዝንጅብል ያመጣል።

ባሏ ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን ወደ ማምሻው ላይ ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ሰሃን ታጥባለች።

«ዛሬ ገብተሽ ነበር?» አላት።

«የት ልሄድ? ስለፈልፍ ነው የዋልኩት።»

«አልተሰማኝም።»

«እንዳይሰማ ተደርጎ የለ።»

ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ጣሳው ውስጥ ጠብ ይላል። «መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፣ ሄድኩ» አለ ቆይቶ። «ጥሩ ነው። ግን ጨለማው ሰፋብኝ።»

ለጋሽ ቁልፉ ይህ ትልቅ ዲስኩር ነው። እሷ ፊቷን እንዳያይባት ወደ ገንዳው ዞረች። ከዚያ የለመደችውን አለች።

«ይሄ ቧንቧ ይንጠባጠባል።»

«ታዟል» አላት፣ ፊቱ ሳይፈታ። «ዕቃው መንገድ ላይ ነው።»

ሰሃን በእጇ እንደ ያዘች ዞረች። እሱ ኪሱ ገብቶ አንዲት ጥቁር ክብ ጎማ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ደረሰ» አለ።

ከግጭቱ ወዲህ ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ፤ እሷ ወንበር እስክትይዝ፣ እሱ ያችን «እህ» የምትባል ድምፁን ደጋግሞ እስኪያወጣት። ከዚያ ፒንሳውን ይዞ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተኛና እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ቧንቧው ያለው ግድግዳው ጋ፣ ጨለማው ውስጥ ነው፤ ከላይ ካልሆነ አይታይም።

«አይታየኝም» አላት ከሥር። «ሲቆም ንገሪኝ።»

አፏን ከፈተች። «በቃ» ልትል ነበር፤ የሚቆምበት ጊዜ ደርሷል። መልሳ ዘጋችው። ባትሪውን አብርታ ጎንበስ አለችና በገንዳውና በግድግዳው መካከል አሻግራ አየች። አንዲት ጠብታ ተሰበሰበች፣ ከበደች፣ ወረደች።

«ገና ነው» አለችው።

አጠበቀ። «አሁንስ?»

«ቆይ፤ እያየሁ ነው።»

ጣቷን ሰዳ ጎማዋ ሥር አደረገችው። ጠበቀች። ሌላ ጠብታ አልመጣም። አሁንም ትንሽ ጠበቀችና ጣቷን አውጥታ በብርሃኑ አየችው፤ ደረቅ ነው።

«አሁን ቆሟል» አለችው።

ከሥር እጁ እንደ ሰማት ቆመ፤ ፒንሳውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማት።